ቃል የተለጠፈበት ጣባ

ስለ ከተማ ኑሮ እናቴ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ነገር ጭቃ እንዳልነካ ነው። ከደጋው ወደ አርባ ምንጭ በወረድኩበት ጠዋት የጫማዬን ክር እያጠበቀች፣ «አፈር አንስተሽ በጣትሽ አትፈትጊ። ስትቀመጪ እግርሽን አትዘርጊ። ገበያ ላይ ሸክላ ስታዪ በጣትሽ አታንኳኪ። አባትሽ ምን ይሠራል ካሉሽ ገበሬ ነው በይ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አውቀዋለሁ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔ ከታወቀ ከተማ ውስጥ የሚያስጠጋኝ ሰው አላገኝም፤ የሚያስጠጋኝ ካላገኘሁ ደግሞ ትምህርቴ እዚያው ላይ ያበቃል።

ደጋውን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ሰው ከሌላው ጋር ማዕድ አይቀርብም። ቤት አይገባም፤ ደጅ ቆሞ ይጣራል። ልጁን ለሌላው አይድርም። የጠጣበት ጣሳ ይጣላል። ድስቱን ግን ይገዙታል። ጎመኑ የሚበስለው፣ ውሃው የሚቀዳው፣ ቦርዴው የሚጠመቀው እናቴ በእጇ ባሸችው ጭቃ ነው። እጇ የሠራው ሁሉ ከአፋቸው ይደርሳል፤ እጇን ግን አይጨብጧትም። ልጅ ሆኜ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን ነገር ቢያስበው በራሱ ይስቃል እል ነበር። የሳቀ ሰው አላጋጠመኝም። አሁን አሁን ቀርቷል ይላሉ። ይበሉ።

የመንደራችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ስድስተኛን ስጨርስ፣ ያስተማረኝ የመንደሩ መምህር አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ለምትኖር አንዲት የሩቅ ዘመዱ፣ «የገበሬ ልጅ ናት፤ ሥራ ታግዝሻለች፤ አስጠግተሽ አስተምሪያት» ብሎ አስማማልኝ። ዋሸልኝ ማለት ነው። እግዜር ይስጠው።

ሴትየዋ እሷም የደጋ ተወላጅ ነች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ከእኔ እኩያ የሆነች አንዲት ሴት ልጅ አላቸው። እኔ ሴትየዋን እትዬ እላታለሁ። የደረስኩ ዕለት ማታ እትዬ የሽፈራው ቅጠል ሠርታ አቀረበች። «ሽፈራው በሸክላ ድስት ካልበሰለ ሣር ነው» አለች። ከእራት በኋላ ድስቱን ሳጥብ ከአፉ ሥር ሦስት የጥፍር ምልክት በጣቴ አገኘሁ። እናቴ ሸክላው ሳይደርቅ ከአፉ ሥር በአውራ ጣቷ ጥፍር ሦስት ጊዜ ትጫነዋለች፤ እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። የእኛ ቤት ሥራ የሚታወቀው በዚያ ነው። ድስቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከዚያ ጥላሸቱ እስኪለቅ ፈተግሁት። ከዚያች ማታ ጀምሮ በዚያ ቤት ከሥራ ሁሉ የምወደው ድስት ማጠብ ሆነ።

እናቴ በገበያ ቀን ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ሲቀላ ትወርዳለች። መምህሩ እትዬን ከሩቅ አሳይቷት ስለነበር በመልክ ታውቃታለች። እትዬ ግን እናቴን የምታውቃት ሸክላ እንደምትሸጥ ሴት ብቻ ነው። እናቴ አማርኛዋ ለገበያ ያህል ነው፤ ለሴቱም ለወንዱም «ውሰድ» ነው የምትለው። ለእትዬ ምርጥ ምርጡን ትመርጥላታለች፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ታረክስላታለች። እትዬም «ይቺ ሴትዮ ትወደኛለች» እያለች ትስቅ ነበር። እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላዋ እቆማለሁ። እናቴ አንዴ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ወፍሬ እንደሆነ፣ ከስቼ እንደሆነ በዚያች አንድ ጊዜ ትጨርሳለች። ከዚያ ድስቷን በጣቷ እያንኳኳች፣ አለመሰንጠቁን ለእትዬ ታሰማታለች። አንተዋወቅም።

እትዬ ጥሩ ሴት ነበረች። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ከልጇ ጋር በአንድ አልጋ አስተኛችኝ፣ በአንድ ማበጠሪያ አበጠረችን፣ በአንድ ትሪ አበላችን። ስታጎርስ መጀመሪያ እኔን ነበር። «የሰው ልጅ ይቅደም» ትላለች። ስታመም ግንባሬን በከንፈሯ ነክታ ትኩሳቴን ትለካለች። እኔ ደግሞ ጉርሻዋን በዋጥኩ ቁጥር፣ ብታውቅ ኖሮ እላለሁ። ደስታዬን ሁሉ እንደዚያ እያኘክሁ ነው የበላሁት።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ አዲስ የእንግሊዝኛ መምህር መጣልን። ከሰሜን የመጣ ወጣት ነው፤ ሙቀቱን ስላልለመደው አንገቱን በመሐረብ ሲጠርግ ነው የሚውለው። ከእሱ በፊት የነበሩት ቃላቱን ከነትርጉማቸው ሰሌዳ ላይ ይደረድራሉ፤ እኛ እንጮሃለን፤ የተሳሳተ በማስመሪያ ይቀምሳል። እሱ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሾር?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዳርቻ!» አለ። «የት አለ? አሳዩኝ» አለ። ሁላችንም ወደ ሰሌዳው ጠቆምን። ዓሣው በየቀኑ ከጫሞ ሐይቅ በፒካፕ ሲመጣ የምናይ፣ ግማሾቻችን አባቶቻቸው ጀልባ ላይ የሚውሉ ልጆች ነን፤ ቃሉ የሐይቁ መሆኑ ለማናችንም አልመጣልንም። ሰሌዳው ላይ የተወለደ ነበር የሚመስለን። መምህሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቃል አንሸመድድም፤ ቃል እንስላለን» አለ።

ከጅምላ ነጋዴዎቹ ሱቅ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን እየለመንን ቆራረጥን። አንድ ቃል አንድ ካርድ ነው። በአንዱ ፊት ሥዕሉ፣ በጀርባው ቃሉ። አማርኛ መጻፍ ክልክል ነው። ሠሪው ፊት ለፊት ቆሞ ሥዕሉን ያሳያል፤ ክፍሉ አይቶ ቃሉን ካላወቀው ካርዱ ይቀደዳል። ያወቀው እንደሆነ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረው ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል። የቃላት ገመድ እንለው ነበር። የአንድ ዓሣ ነጋዴ ልጅ ስግብግብ የሚለውን ቃል፣ ዓሣ በሚታረድበት ቦታ አንጀት የሚጠብቅ አባ ኮዳ፣ ያንን አንገተ መላጣ ትልቅ ወፍ፣ አድርጎ ሳለው፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል የረሳ ልጅ የለም። መምህሩ ራሱ መለየት ለሚለው ቃል፣ ለ«ሰፐሬት»፣ በአጥር ወዲያና ወዲህ ሆነው የሚተያዩ ሁለት ፍየሎች ሳለ። ፍየሎቹ ውሻ ይመስሉ ነበርና ክፍሉ ሊቀድበት ጮኸ። አልተቀደደም፤ መምህር ነዋ።

እኔ እንደዚያ ገመድ የወደድኩት ነገር የለም። የክፍሉ ቃላት ሲሶው የእኔ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም። ቃሉ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ግን ሁልጊዜ የማልስለው ነገር ነው። ትዕግሥት ሲባል፣ ፀሐይ እየጠለቀች ሳለ ካልተሸጠ ሸክላዋ ጎን የተቀመጠች ሴት ትታየኛለች። እርሳሴን አነሳና ዓሣ አጥማጅ እስላለሁ። ኩራት ሲባል የእናቴ እጅ ይታየኛል፤ ዶሮ እስላለሁ። ይህን ማንም አላወቀብኝም፤ ዶሮዬን አድንቀው አጨበጨቡ።

እንግሊዝኛን የወደድኩት ማን ከማን ጋር እንደማይበላ ስለማያውቅ ነው። በቋንቋችን እኛን የሚጠሩበት ቃል አለ፤ ሰው ሲቆጣ ልጁን የሚሰድብበት ነው። አማርኛውም ከሰዎቹ ጋር እየኖረ ለምዶታል። እንግሊዝኛው ግን ገና ምንም አልሰማም ነበር። ድስት ድስት ነው፤ የሠራው ሰው አይጠየቅም። ይህ ቋንቋ ያወጣኛል ብዬ አመንኩ። የሚያወጣኝ በር ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ነበር።

መምህሩ ቤታችሁን በቃል አልብሱት ብሎ የቤት ሥራ ሰጠን። ከእትዬ ልጅ ጋር ሆነን በር፣ መስኮት፣ መስተዋት፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ ላይ ሁሉ ትንንሽ ሥዕልና ቃል ያለበት ወረቀት በፕላስተር ለጠፍን። ልጅቷ ቃል አይያዝላትም ነበር፤ ሥዕሉን እሷ ትስላለች፣ ቃሉን እኔ ፊደል በፊደል አስቆጥራታለሁ። እትዬ ደስታዋን አልቻለችውም። ጎረቤት እየጠራች መስተዋቱ ፊት ታቆምና «ሚረር!» ትላለች። ነጠላዋን አስተካክላ ደግማ «ሚረር!» ትላለች። «የኔ ልጅ ናት ያስተማረችኝ» ትላለች፣ እኔን እያሳየች። ያቺን «የኔ ልጅ» እንዴት እንደምወዳት።

ሚኒስትሪው ሲቃረብ መምህሩ ወላጆች የሚጋበዙበት ትርዒት አሰበ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር በማዳበሪያ ጭቃ አስመጣና፣ «ዛሬ ቃሉን አትስሉትም፤ በእጃችሁ ትሠሩታላችሁ» አለ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። ዕጣ ሲወጣ የደረሰኝ ቃል «ኤምፕቲ» ነው፤ ባዶ። ሁሉም ዘወር ብሎ ቀናብኝ፤ ባዶ ቀላል ነው፤ አንድ ጎድጓዳ ነገር ብቻ ነው።

አበላሽቼ ልሠራው ወሰንኩ። ጠማማ፣ አፉ የተንጋደደ፣ የገበሬ ልጅ የሠራችው የሚመስል ነገር። ጭቃው ግን ጠጠር ነበረው። ጠጠር ያለበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህን ለማወቅ ማሰብ አያስፈልገኝም፤ እጄ ያውቀዋል። ሳላስበው ጠጠሩን ስለቅም፣ ውሃ ሳርከፈክፍ፣ ሳሽ፣ ደግሜ ሳሽ ቆየሁ። ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነካሁት ነገር ነው፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ሲወጣ የእናቴ ቤት ሸተተኝ። ቀና ስል መሬት ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፤ ከሥሬ የተሰበረ ሳህን አስቀምጬ እያዞርኩ ነው፤ እጄ ላይ አፉ የተስተካከለ፣ ቀጭን፣ የሚያምር እንስራ ቆሟል። አፉን በእርጥብ ቅጠል አለሳለስኩት። ዙሪያዬ ያሉት ልጆች ሥራቸውን ትተው ቆመው ያያሉ። አሁንም ላበላሸው እችል ነበር፤ በመዳፌ አንዴ መታ ማድረግ ብቻ ነው። አልጨከንኩበትም። ይባስ ብሎ አውራ ጣቴ ከአፉ ሥር ሄዶ ሦስት ጊዜ ተጫነ። ማን እንደላከው አላውቅም።

የትርዒቱ ቀን እንስራዬ ከሁሉ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ወላጆች እየዞሩ ያያሉ። እትዬ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ መጥታ፣ እንስራውን ብድግ አድርጋ ለጎረቤቶቿ፣ «የኔ ልጅ ናት የሠራችው! እዩት እስቲ!» አለች። መምህሩ ሰምቶ ቀረበ፤ አንገቱን እየጠረገ፣ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ሆኖ፣ ለእኔ መልካም ያደረገ መስሎት፣ «ይህን እጅ ከየት አመጣሽው? እናትሽ ሸክላ ሠሪ ናት እንዴ?» አለኝ። በእሱ ቤት ማድነቁ ነው። ይህን ጥያቄ በዚያ አዳራሽ ጮክ ብሎ ሊጠይቅ የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ የአገሩ ሰው ነው።

እትዬ ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ «ምን ማለትህ ነው፣ የገበሬ ልጅ ናት» ልትለው። በዚያ መካከል አውራ ጣቷ ከእንስራው አፍ ሥር ደረሰ። በየቀኑ የምታበስልበት ድስት ላይ ያለውን ምልክት ጣቷ ያውቀዋል። ወደ እኔ አየች፤ ወደ እንስራው አየች። ከዚያ እንስራውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አንድ ጣት፣ አንድ ጣት። ጎረቤቶቿ አዩ፤ ገባቸው። ማንም አልጮኸም፤ ሰው ከጠረጴዛው ትንሽ ራቅ ራቅ አለ፤ ይኸው ነው።

ማታ ቤት ስገባ ልብሴን በፌስታል አድርጌ በር ላይ ለመቆም ተዘጋጅቼ ነበር። እትዬ እራት ሠርታለች። ትሪው ሲቀርብ እንደ ልማዴ ጠጋ አልኩ። «አንቺ ቆይ» አለች። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ «እማ፣ ያመኛል እንዴ? ስንት ጊዜ አብሬያት በላሁ» አለቻት። እትዬ ልጇን ዝም አሰኘችና ወደ እኔ ዞራ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ አንቺ ልጅ ነሽ። እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ሜዳ ላይ አልጥልሽም። እስከ ፈተናው ትቀመጫለሽ» አለች። ከዚያ እንጀራና ወጥ በፌስታል ላይ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ወጥ ቤት ሄጄ በላሁ። ወጡ የበሰለው በእናቴ ድስት ነው። አልጣለችውም፤ ዕቃው ጥሩ ነዋ።

ብትደበድበኝ እመርጥ ነበር። ብደበደብ ተሰድጄ፣ ተበድዬ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ደጋ እወጣ ነበር። እሷ ግን እያዘነችልኝ ነው የለየችኝ። ወጥ ቤት ሰሌን አነጠፈችልኝ፤ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ፤ ማበጠሪያ አዲስ ገዛችልኝ። «ይሄ ያንቺ ነው፣ እንዳታጠፊው» አለች። ልሂድ ብል መሄጃዬ ደጋው ነው፤ ደጋው ላይ ሚኒስትሪ የለም። ስለዚህ «እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

በማግስቱ ክፍል ስገባ የቃላት ገመዱ ተስተካክሏል። የእኔ ካርዶች አንድ በአንድ ተነቅለው በአንደኛው ጫፍ ለብቻቸው ተሰቅለዋል፤ ከሌሎቹ ጋር መካከል ላይ ባዶ ገመድ አለ። ማንም አልታዘዘም፤ ማንም አልተማከረም፤ እያንዳንዱ በተራው ሲያልፍ ከራሱ ካርድ ጎን ያለውን የእኔን ካርድ ነቅሎ እያራቀ ነው። የአባ ኮዳው ልጅ እንኳ። መምህሩ ገመዱን አይቶ ጠየቀ፤ አንዱ ነገረው። ቀላ። በጣም ተቆጣ፤ «ይሄ ኋላ ቀርነት ነው! ሁላችሁም እኩል ናችሁ!» እያለ ጮኸ፤ ከዚያ የዕለቱን ትምህርት ሰርዞ ሁላችንም «ኢኳል» የሚለውን ቃል እንድንስል አዘዘ። ሳልን። እንደዚያ ቀን የሚያምር ሥዕል በዚያ ክፍል ታይቶ አያውቅም። ሚዛን የሳለ አለ፤ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች የሳለ አለ፤ ለሁለት የተቆረጠ ሙዝ የሳለ አለ። ሁሉም ካርዶች አለፉ፤ አንድም አልተቀደደም። እኔ በተቀመጥኩበት ዴስክ ላይ ግን ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

መምህሩ ከክፍል በኋላ አስቀርቶኝ፣ «ይቅርታ፣ አላወቅሁም ነበር» አለኝ። «ምንም አይደለም ቲቸር» አልኩት። ከሁሉም ይልቅ የጠላሁት እሱን ነው። ጥፋት የለበትም፤ ቢሆንም ጠላሁት። ሳያውቅ የሚገባ ሰው ሳያውቅ ይወጣል፤ ቤቱን የሚያጸዳው እዚያው የሚኖረው ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እትዬ ዘንቢሉን ራሷ ይዛ ሄደች። ስትመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ወጥ ቤት አምጥታ ፊቴ ፈታችው። ጣባ ነው፤ ጎድጎድ ያለ የሸክላ ሳህን። እንደዚያ ቀጭን፣ እንደዚያ የለሰለሰ ጣባ ከእናቴ እጅ ሲወጣ እኔ ራሴ አይቼ አላውቅም። ከአፉ ሥር ሦስቱ ጥፍሮች አሉ።

«ከእናትሽ ነው የገዛሁት» አለችኝ፤ ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ፊቷ በርቷል። «ምልክቷን አይቼ ለየኋት። ደህና ሴት ናት፤ ከሁሉም በላይ ያለውን መርጣ ሰጠችኝ፤ ቀነሰችልኝም። አንቺን እንዳወቅሁ አልነገርኳትም፤ ትዘን ምን ይጠቅማል። ከአሁን ወዲያ በፌስታል አትብዪ፤ ነውር ነው።»

ከዚያ ልጇን ጠርታ፣ «ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀል ምልክት አድርጊበት» አለቻት። በዚያ ቤት ምልክት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷ መቀስ፣ ወረቀት፣ ፕላስተርና ቀለም ይዛ መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠች። ወደ ውስጥ አልገባችም። ሹሩባዋን በሁለት የተሠራች ሴት ልጅ ሳለች፤ እኔ ነኝ። ሥዕል ላይ ጎበዝ ነበረች፤ ጉንጬ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልረሳችም። ከዚያ ሥዕሉን ጨርሳ እንደ ወትሮዋ ቀና አለችና፣ «ምን የሚል ቃል ልጻፍበት?» አለችኝ።

ልማድ ክፉ ነው። በዚያ ቤት ሁልጊዜ ቃል የሚጠየቀው እኔ፣ የምትጽፈው እሷ ነን። የመምህሩ ሁለት ፍየሎች ትዝ አሉኝ። «ሰፐሬት» አልኳት።

«ፊደሉን» አለች።

አንድ በአንድ አስቆጠርኳት። መካከል ላይ ስትሳሳት አረምኳት፤ አጥፍታ ጻፈች። ለጠፈችው። እትዬ መጥታ አየችና፣ «ምን ይላል?» አለች። «ለብቻ ይላል፣ እማ» አለቻት ልጅቷ፤ ቃሉን ገና በዚያች ሰዓት መያዟ ነው። እትዬ ጣባውን ዘወር አድርጋ እያየች፣ «ሰፐሬት» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ልክ እንደ ሚረር። «ጎበዝ ናት እኮ ይቺ ልጅ» አለች ስለ እኔ፣ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች። በእውነት አዝና ነው።

እስከ ፈተናው ድረስ በዚያ ጣባ በላሁ። ወረቀቱ በርጥበት ሲለቅ ልጅቷ ሌላ ትስላለች፤ ቃሉን ግን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ ይዛዋለች። ሳጥበው ሦስቱን ጥፍሮች በጣቴ እየዳሰስኩ፣ እናቴ ይህን ስትሠራ ምን እያሰበች እንደነበር ላስብ እሞክራለሁ። ለማሰብ አልከበደኝም። ሚኒስትሪውን ተፈተንኩ፤ አለፍኩ፤ በእንግሊዝኛ ከክፍሉ የበለጠኝ አልነበረም። ዘጠነኛን ለብቻዬ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ሆኜ ጀመርኩ። ዛሬ እኔም የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ገመድ እወጥራለሁ፣ ካርቶን አስቆርጣለሁ፣ ልጆቼ ቃሉን እንዲስሉት አደርጋለሁ፤ ዘዴው ይሠራል፤ እኔ ምስክር ነኝ። ቃሉን አይተው፣ ነክተው ከያዙት አይረሱትም። ጭቃ ግን ክፍሌ አስገብቼ አላውቅም።

ፈተናው እንዳለቀ ደጋ የወጣሁ ዕለት እናቴን ደጃፋችን ላይ ጭቃ ስታሽ አገኘኋት። እጇ ጭቃ ስለሆነ በክርኗ አቅፋ ሳመችኝ። ስለ ፈተናው ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። ከዚያ አይኗን ከጭቃው ሳታነሳ፣ ቆይታ ቆይታ ስትጠብቀው የኖረችውን ነገር እንደምትጠይቅ ሰው፣ «ያቺ ሴትዮ ከእኔ ጣባ ገዝታ ነበር። አየሽው?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«በዚያ ዓመት ከሠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጥ ነበር። አልሸጠውም ብዬ ከኋላዬ ሸሽጌው ነበር፤ እሷን ሳይ አወጣሁላት። በሱ ስትበላ ላንቺም ልቧ እንዲራራ ብዬ። ወደደችው?»

«ወደደችው» አልኳት።

«ይበላበታል?»

«በየቀኑ። ከሌላ ዕቃ ጋር አታቀላቅለውም፤ ለብቻው ነው የምታስቀምጠው። ለእንግዳ አይቀርብም፤ ልጇን እንኳ አታስነካትም።»

እናቴ እጇን አቁማ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ያን ያህል ደስታ ከዚያ በፊት አላየሁም። «አየሽ» አለችኝ፣ «ዕቃ የምታከብር ሴት ናት። ሳያት ነው ያወቅኋት።»

ጫማዬን አወለቅሁ፤ አጠገቧ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩና ከጭቃው ውስጥ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ።